«ቫራይቲ» ስለምትባል አንዲት ቃል



በዚህ ልሳን ላይ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ቫራይቲ» ስለምትባለው። የቋንቋ ተማሪ አይደለሁም፤ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ስለዚህች ቃል እንድጽፍ ያስገደደኝም ዕውቀት ሳይሆን ስሕተት ነው። ከዚህ ቀደም ቃሏን በስብሰባችን ፊት በተሳሳተ አማርኛ ተርጉሜ፣ በትርጉሜ የተጎዳ ሰው ነበር። በጊዜው የነበራችሁ አባላት ታስታውሱታላችሁ፤ በኋላ የመጣችሁት ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል።

ነገሩ የሆነው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. እዚሁ ካይሮ ነው። የውጭ ተማሪዎች ምሽት በተቃረበ ጊዜ ለየአገሩ ተማሪዎች ማኅበር አንድ ገጽ መጠይቅ በእንግሊዝኛ ደረሰ። እኔ ያኔ የኅብረቱ ጸሐፊ ነበርኩ። እንደምታውቁት በእንግሊዝኛም ሆነ በዐረብኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ጸሐፊው በስብሰባ ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነባል፤ ከዚያም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ሦስተኛው ጥያቄ የማኅበሩን አባላት «ቫራይቲ» በአጭሩ እንድንገልጽ የሚጠይቅ ነበር። የተፈለገው ግልጽ ነው፤ ስንት ዓይነት ልብስ፣ ስንት ዓይነት ጭፈራ፣ ስንት ዓይነት ምግብ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ ለማለት ነው። እኔ ግን ቆሜ፣ ብዙም ሳላስብ፣ «በመካከላችሁ ያለውን ልዩነት በአጭሩ ግለጹ» ብዬ አነበብኩት።

ወቅቱን አስታውሱ። በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የስልክ መስመሩ ዳግመኛ ተቋርጧል። በዚያች ክፍል ውስጥ 14 ሰዎች ነበርን፤ ከሰሜንም፣ ከደቡብም፣ ከምሥራቅም፣ ከምዕራብም የመጣን። ማንም አዋጅ ሳያወጣ፣ ስለ አገር ቤት ጉዳይ በስብሰባ ላይ ላለማንሣት የተስማማን ያህል ዝም ተባብለን ነበር የምንኖረው። አብረን እንበላለን፤ አብረን እናጠናለን፤ ዜናውን ግን እያንዳንዳችን በየአልጋችን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ነው የምናነበው። እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የኔ «ልዩነት» የወደቀችው።

መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ አንዱ፣ «ይህን የጠየቀን ማነው?» አለ። ከዚያ ከመቀሌ የመጣው የክፍል ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነሣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «መልካም፤ የኔን ጻፍ» አለኝ። «የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ዘጠኝ ወሬ ነው። ይህ ልዩነት ከሆነ ጻፈው» ብሎ ወጣ።

እኔም ደንግጬ ወረቀቱን ለሊቀ መንበራችን ሰጠሁት። እሱ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ሣቀ፤ «ገዳይ አስተርጓሚ!» እያሉም ቀለዱብኝ። ጥያቄው ስለ እስክስታና ስለ ዶሮ ወጥ መሆኑ ሲታወቅ ስብሰባው ወደ ቦታው ተመለሰ። የወጣው ጓደኛችን ግን አልተመለሰም። በምሽቱም አልተገኘም። ከኔም ጋር ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠም።

በነዚያ ሳምንታት ነው ቃሏን መመርመር የጀመርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ የፈለግሁት ራሴን ነፃ የማወጣበት ማስረጃ ነበር። «መዝገበ ቃላቱ እንዲህ ይላል» ብዬ ልከራከር ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ቫራይቲ» ወደ እንግሊዝኛ የገባችው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በላቲን «ቫሪየስ» ማለት ዝንጉርጉር፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ መልኩ የተቀላቀለ ማለት ነው። እኛ ነብርን ዝንጉርጉር እንደምንለው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ነብር ዝንጉርጉር የሚሆነው ቆዳው አንድ ስለሆነ ነው። አንድ ጥቁር ነገርና አንድ ቢጫ ነገር ለየብቻ ሁለት ቦታ ቢቀመጡ ዝንጉርጉር አይባሉም። ስለዚህ ቃሏ ከመነሻዋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትጠይቃለች፤ ብዙ መልክ፣ አንድ ቆዳ።

ከዚህችው ሥር እንደ ወጣች የሚነገርላት ሌላ ቃል ደግሞ ለሕክምና ተማሪ ቅርብ ናት፤ የፈንጣጣ የላቲን ስም «ቫሪዮላ»። ፊትን ዝንጉርጉር የሚያደርግ በሽታ እንደ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የታየችኝ አያቴ ናት። የአያቴ ፊት ፈንጣጣ የበሳው ነበር። ልጅ ሳለሁ በጣቴ ጉድጓዶቹን እየቆጠርኩ እጫወት ነበር፤ እሷም «ተው፣ እግዜር የቆጠረውን አትቁጠር» ትለኝ ነበር። በመጽሐፉ እንደ ተማርኩት፣ ፈንጣጣ ሁለት «ቫራይቲ» ነበረው። አንደኛው ከታመሙት ከ100 ሰው 30 ያህሉን የሚገድል ነው፤ ሁለተኛው ቀለል ያለ ሆኖ የሚገድለው ከ100 አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ይታይ የነበረው በአብዛኛው ይኸው ቀላሉ ነው። በአገራችን በሽታውን የማጥፋቱ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር፣ ቀላልነቱ ራሱ እንቅፋት ሆኖ ነበር፤ ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሳይውል ገበያ እየወጣ ያዛምተዋልና። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በኦጋዴን ሲሆን፣ በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አያቴ ከሞት የተረፈችው በአንዲት «ቫራይቲ» ምክንያት ሊሆን ይችላል ብዬ ሳስብ፣ ቃሏን እንደ ጭፈራ ቃል ብቻ መቁጠሬ አሳፈረኝ።

ወደ አጠቃቀሟ ልመለስ። እንግሊዞች «ቫራይቲ» ሲሉ በመጀመሪያ ደረጃ አንድ ዓይነት አለመሆንን፣ አለመሰልቸትን ያመለክታሉ። ምግቡ «ቫራይቲ» የለውም ሲሉ በየቀኑ ያው ፉል ነው ማለት ነው፤ ይህን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህንኑ ሐሳብ ከቅመም ጋር የሚያመሳስል አባባልም አላቸው፤ የተገኘውም ዊልያም ኩፐር የተባለው ባለ ቅኔ እ.ኤ.አ. በ1785 ካሳተመው ረጅም ግጥም ነው። በሁለተኛ ደረጃ «ኤ ቫራይቲ ኦቭ» ሲሉ «ልዩ ልዩ»፣ «አያሌ ዓይነት» ማለታቸው ነው። በሦስተኛ ደረጃ ቃሏ አንዱን ዓይነት ብቻ ለይታ ትጠራለች። ይኸውም ብዛትን የምትጠራው ቃል ተመልሳ ከብዙዎቹ አንዱን ትጠራለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ሄንዝ የተባለው የአሜሪካ የምግብ ነጋዴ «57 ቫራይቲ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣው በዚህኛው ትርጉም ነው፤ የሚገርመው ግን ያን ጊዜ ይሸጣቸው የነበሩት ምግቦች ከ60 በላይ ነበሩ። ቁጥሩን የመረጠው ስለ ወደደው ነው ይባላል። እንግዲህ ብዛትን ሲያስተዋውቁ መቁጠር ግዴታ አይደለም ማለት ነው!

ከዚህም ሌላ የቴአትር ቤት ትርጉም አላት። ዘፈኑም፣ ቀልዱም፣ አስማቱም፣ አክሮባቱም በአንድ ምሽት ተራ በተራ የሚቀርብበት ትርኢት «ቫራይቲ» ይባላል። በለንደን ንጉሡ በተገኙበት እንዲህ ያለ ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1912 ተደርጎ ነበር፤ በኒው ዮርክ ደግሞ በ1905 የተመሠረተው የትርኢት ዓለም ጋዜጣ ስሙን ከዚህችው ቃል ወስዷል። ወደኛ የመጣው መጠይቅም ያሰበው ይህንኑ ነው፤ አንድ መድረክ፣ ብዙ ተራ፣ በመጨረሻም ጭብጨባ።

የቋንቋ ሊቃውንት በበኩላቸው ቃሏን ለሌላ ጥንቃቄ ይጠቀሙባታል። አንድ አነጋገር ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ወይስ የሌላ ቋንቋ ዘዬ ነው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የሥልጣንም ክርክር ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይገቡ አነጋገሩን ለማጥናት ሲፈልጉ «ቫራይቲ» ብለውት ያልፋሉ። ይህን ሳነብ ቃሏ ለማስታረቅም እንደምታገለግል፣ ለማድበስበስም እንደምታገለግል ጠረጠርኩ።

ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የገበሬው ትርጉም ነው። እኔ የምንጃር ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የሚዘራው ጤፍ «ቁንጮ» ይባላል። ይህ ጤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ሲሆን፣ የተገኘውም በምርታማነቱ የታወቀውን ዱከም የተባለ ጤፍና በንጣቱ የታወቀውን ማኛ በማዳቀል ነው። ቁንጮ በእንግሊዝኛ አንድ «ቫራይቲ» ነው። አያቴ ትወደው የነበረው እንጀራ ግን የሰርገኛ ነበር፤ ነጩና ቀዩ ጤፍ የተቀላቀለበት። እንግዲህ ሕጉን ስናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ የተፈረመው የአዝርዕት ዝርያዎች ስምምነት አንድ ተክል በ«ቫራይቲ»ነት ጥበቃ እንዲያገኝ ሦስት ዋና ነገር ይጠይቃል፤ ከሌላው የተለየ እንዲሆን፣ እርስ በርሱ አንድ ወጥ እንዲሆን፣ ከዘር ዘር ሳይለወጥ እንዲጸና። ይህም ማለት ሰርገኛ የተዘራበት ማሳ «ቫራይቲ» ሞልቶታል፤ ራሱ ግን «ቫራይቲ» አይደለም። ቁንጮ የተዘራበት ማሳ ደግሞ «ቫራይቲ» ነው፤ በውስጡ ግን «ቫራይቲ» የለም። አንዲት ቃል ዝንጉርጉሩንም አንድ ወጡንም ትጠራለች!

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ ያስደነቀው በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ ያየው የመልክ ብዛት ነው። በኋላም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስን እርሻ ያጠቃ የነበረውን ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደ የቡና ዘር በብዙ አገር ዞሮ ፓናማ ከደረሰ በኋላ፣ በ2004 በዚያው በፓናማ በተደረገ ውድድር አሸንፎ ዓለም ያወቀው «ጌሻ» ሆኗል። ከዚህ የምንረዳው፣ ገበሬዎቻችን ሳይለዩ ያቆዩት ቅልቅል የብዙ ዘር መጠባበቂያ እንደ ነበረ ነው። አንድ ወጥ የሆነ ማሳ ምርቱ ብዙ ነው፤ አንድ በሽታ የመጣ እንደ ሆነ ግን አብሮ ይወድቃል።

የምንኖርበት አገር ቋንቋስ ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁ። ዐረብኛ ጉዳዩን በሁለት ቃል ይከፍለዋል። «ነውዕ» ማለት ዓይነት ነው፤ ከዚሁ የሚወጣው «ተነዉዕ» የዓይነት መብዛት ነው። ቴሌቪዥኑም ልዩ ልዩ ዘፈንና ቀልድ የሚቀርብበትን ፕሮግራም «ሙነወዓት» ይለዋል። አለመስማማት ያለበት መለየት ሲሆን ግን «ኢኽቲላፍ» የሚል ሌላ ቃል አለ። እኛ ሁለቱንም «ልዩነት» እንላለን። ሁለት ፓርቲዎች ሲጣሉ «ልዩነት ተፈጠረ» እንላለን፤ ሁለት ቡና ጣዕሙ ሲለያይም «ልዩነት አለው» እንላለን። ባልና ሚስት «ልዩነታቸውን ፈቱ» ሲባል ታርቀዋል ማለት ነው። እንግዲህ የኔ ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው፤ «ተነዉዕ» ማለት ሲገባኝ «ኢኽቲላፍ» አልኩ። እዚህ ላይ ስደርስ ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። ለካ ገና ነበር።

አንድ ቀን በአናቶሚ ትምህርት የእጅን አንጓ ስናጠና መምህሩ አውራ ጣታችንንና ትንሿን ጣታችንን አገናኝተን አንጓችንን ወደ ውስጥ እንድናጥፍ አዘዙን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡም አሁኑኑ ሞክሩት። በአንጓው መካከል አንድ ቀጭን ጅማት ብቅ ብሎ ይታያል፤ «ፓልማሪስ ሎንገስ» ይባላል። በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚባለው ከ100 ሰው 15 ያህሉ በአንድ ወይም በሁለት እጁ ይህ ጅማት የለውም፤ ቁጥሩ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ዝቅ ያለ ነው። የሌለው ሰው ምንም አይጎድለውም፤ ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይጽፋል። በሽታ አይደለም፤ መልክ ነው።

ነገር ግን መምህሩ አንድ ነገር ጨመሩ። ይህ ጅማት ለሰውየው እምብዛም ስለማያስፈልግ፣ ቀዶ ሐኪሞች ከዚያ ቆርጠው ሌላ ቦታ የተበጠሰ ጅማት ይጠግኑበታል። በቅርብ ርቀት ከሥሩ ደግሞ የእጅ መዳፍ ዋና ነርቭ ያልፋል። ሐኪሙ ጅማቱ መኖሩን አስቀድሞ ሳያረጋግጥ ቢቀር፣ ጅማት በሌለው እጅ ላይ ነርቩን ጅማት መስሎት ቆርጦ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ስሕተት ተፈጽሞ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሕመምተኛው በሌላ ጉዳት ታክሞ ሲነቃ አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶቹ ደንዝዘው ያገኛቸዋል። ሰው ሁሉ አንድ ነው ብሎ የቆረጠ ሐኪም የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ያለ ነው።

በክፍሉ ሰው ሁሉ አንጓውን እያጠፈ ይስቃል። እኔም ቀኝ እጄን አጠፍኩ፤ ጅማቱ አለ። ግራዬን አጠፍኩ፤ የለም። ደግሜ አጠፍኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ እጅ መጥቶ አንጓዬን ያዘና በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸ። የመቀሌው ጓደኛዬ ነበር። «የለህም» አለኝ በአማርኛ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ከሰላምታ ሌላ የነገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። «በሽታ ነው እንዴ?» አልኩት እንደ ቀልድ። «አይደለም፤ ቫራይቲ ነው» አለኝ።

ከትምህርት በኋላ አባይ ዳር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። መዝገበ ቃላቴን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ላቲኑን፣ ጤፉን፣ ዐረብኛውን። ይቅርታም ጠየቅሁት። በጥሞና ሰማኝና እንዲህ አለኝ። «ቃልህ የተሳሳተ አይምሰልህ። እስቲ በትክክል ተርጉመኸው ቢሆን ኖሮ አስብ። ስለ ጭፈራና ስለ ወጥ ዓይነት እንጽፍ ነበር። እኔም ከናንተ ጋር ቁጭ ብዬ የእናቴን ቀሚስ ቀለም እነግራችሁ ነበር፤ እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ። ያ ይሻል ነበር ወይ? ሰዎቹ ስለ ቫራይቲ ጠየቁ፤ አንተ ሳታውቅ የጠየቅኸው ግን እውነተኛውን ጥያቄ ነው። ያናደደኝ ጥያቄው አይደለም፤ ስሕተት መሆኑ ሲታወቅ ሁላችሁም መሣቃችሁ ነው። ከደጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያሰብኩት ይህ ነው። የሐኪም ሙያ ግማሹ በሁለት ነገሮች መካከል መለየት ነው፤ አንደኛው መልክ ነው፣ ሌላው ሕመም ነው። ጅማት የሌለውን እጅ በሽተኛ ነው ብሎ የሚያክም ሐኪም ጤነኛውን ያቆስላል። የደነዘዘውን እጅ «ይህ የሰው ልጅ ልዩ ልዩ መልክ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሐኪም ደግሞ ቁስለኛውን ይተወዋል። ሁለቱም በደል ነው። እኛም እንደዚሁ ነን። የአንዱን አነጋገር፣ የአንዱን አለባበስ፣ የአንዱን አምልኮ እንደ ጠብ ስንቆጥር መልኩን ሕመም አደረግነው። የአንዱን ኀዘን ደግሞ በጭፈራና በቀለም ሸፍነን «ዝንጉርጉርነታችን ያምራል» ስንል ሕመሙን መልክ አደረግነው። የመጀመሪያውን ስሕተት እኔ በትርጉሜ ሠራሁ፤ ሁለተኛውን ሁላችንም በሣቃችን ሠራን። በበኩሌ የከፋው ሁለተኛው ይመስለኛል።

የስልኩ መስመር በመቀሌ የተከፈተው በጥቅምት 2015 ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። ያን ቀን ጓደኛዬ ከክፍላችን ውጭ በኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ሲደውል አየሁት። ለረጅም ጊዜ «አደይ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲናገር አልሰማሁም። እናቱ ደኅና ነበሩ። ሌሎች ዘመዶቹ ግን ሁሉም ደኅና አልነበሩም፤ ያንን የነገረኝ ቆይቶ ነው። እኔም ጥር ላይ አገር ቤት ስደውል አባቴ የሰፈራችን ልጆች እነማን እንዳልተመለሱ ነገረኝ። ያን ጊዜ ደግሞ አንጓዬን ያልያዘ፣ ግን አጠገቤ የተቀመጠ እሱ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት ያው መጠይቅ መጣ፤ ሦስተኛው ጥያቄም ያው ነበር። በዚህ ጊዜ ትርጉሙን ብቻዬን አልሠራሁም፤ ሁለታችን ተቀምጠን ሠራነው። «ልዩነት» የሚለውን ተውነው። «ብዝኃነት» የሚለውን አሰብንበት፤ ትክክል ነው፤ ግን ብዛትን እንጂ ቆዳውን አያሳይም። «ዝርያ» ለጤፍ ይሆናል፤ ለሰው አንወደውም። በመጨረሻ «ኅብር» ላይ ደረስን። ኅብር በግዕዝም በአማርኛም የቀለምን፣ የመልክን መለያየትና መስማማት በአንድነት ያመለክታል፤ ኅብረ ቀለም እንደምንለው። ይህ ማኅበራችን ራሱ የሚጠራበት «ኅብረት» የሚለው ቃል የሚወጣውም ከዚሁ ሥር ነው። ይህን ያህል ጊዜ በላቲን ስንፈልገው የነበረው ነገር በማኅተማችን ላይ ተቀርጾ ነበር። «ኅብራችሁን በአጭሩ ግለጹ» ብዬ በጉባኤ ፊት አነበብኩ። ማንም አልተነሣም።

መልሱንም ጓደኛዬ ተናገረ፤ እኔ ጻፍኩ። 14 ነን፤ አፋችንን የፈታንባቸው ቋንቋዎች 5 ናቸው፤ ሁላችንም ሽሮ እንሠራለን፤ የሁለት ሰው ሽሮ ግን አንድ ሆኖ አያውቅም የሚል ነው። በመጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረበት። «በመካከላችን ያልተስማማንባቸውና ያላለቀሱ ያልተረዷቸው ነገሮችም አሉ፤ እነሱን በዚህ ቅጽ ላይ አንጽፍም፤ አልረሳናቸውምም» የሚል። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ላውጣው ወይስ ልተወው ብዬ አመነታሁ። ጉባኤው «ይግባ» አለ፤ ገባም።

በሳምንቱ መልስ መጣ። ስለ ጻፍነው ነገር አንድም ቃል የለበትም፤ የተጠየቅነው ስንት ወንበር እንደምንፈልግ ብቻ ነበር። 14 አልን።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። በስብሰባችን ላይ «ልዩነት» የምትለው ቃል ስትነሣ፣ ተናጋሪው የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ቆም ብለን እንጠይቅ። መልክ ከሆነ እንደሰትበት። ሕመም ከሆነ ደግሞ መድረክ ላይ አናውጣው፤ አጠገቡ እንቀመጥ። አዲስ የምትመጡ ተማሪዎችም ለፈተና ስትዘጋጁ አንጓችሁን ማጠፍ አትርሱ። ጅማቱ ባይኖር አትደንግጡ፤ ከኅብረታችን አባላት መካከል ቢያንስ አንድ ባልንጀራ አላችሁ።

አንድ የሕክምና ተማሪ፣ ከካይሮ